ዋዛና ቁም ነገር

የጥንቱን የዶስ ጨዋታ ድምፁን ሊያሰማ የሚነሣ ሰው፣ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ሳውንድ ብላስተር የተባለው የሲንጋፖር የድምፅ ካርድ አንደበቱን ከመክፈቱ አስቀድሞ፣ ብዙውን ጊዜ 220፣ 5 እና 1 የተባሉትን ምሥጢራዊ ቁጥሮች እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ሳያዛንፍ እንዲደግምለት የሚሻ መሆኑን ይወቅ፤ አንዱን ያሳሳተ ወይም ከሌላ ዕቃ ቁጥር ጋር ያጋጨ እንደሆነ ጀግናው እንደ ባሕታዊ በአርምሞ ሲተኩስ ያድራል።

ይህን የተማርሁት መንጌ ወረዳ ላይ፣ የወንድሜ ልጅ ከአሶሳ ባስጫነው አሮጌ ኮምፒዩተር ፊት ተንበርክኬ ነው። ባለ 15 ቀዳዳውን የጆይስቲክ መሰኪያ ካገናኘን በኋላ፣ ማሽኑ «ዱላውን ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ገፍተህ ተጫን፤ ወደ ታችኛው ቀኝ ስበህ ተጫን፤ መሐል ላይ ልቀቅ» እያለ ሲያሰግደን አመሸ፤ ሰገድን፤ አውሮፕላናችን ግን ወደ ግራ እንዳዘነበለ ቀረ።

በዚያው ምሽት ከማዶ ድግስ ቤት የበርታ ብሔረሰብ ሰዎች ዋዛ የተባሉ መለከቶቻቸውን ይነፉ ነበር፤ እያንዳንዱ የቅል መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ሲኖረው፣ ነፊዎቹ ተራ በተራ እየገቡ፣ አንዱ የሌላውን ስፍራ ሳይነጥቅ፣ ምሉዕ ዜማ ያወጣሉ።

«ጋሼ፣ የእነሱ ቁጥር አይጋጭም እንዴ?» አለኝ ልጁ።

በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ መሆኑን አስቤ ዝም አልሁ። ካርዱም እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ነው።