ተናዶ ልጅን ከትምህርት የማስቀረት ዘዴ

በእንግሊዝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምደባ የሚነገረው ኤፕሪል 16 ቀን ነው። ለንደን ውስጥ እስከ ስድስት ትምህርት ቤት መርጠው፣ ጃንዋሪ 15 ሳያልፍ ያመለከቱ ወላጆች ኢሜይሉን ሲከፍቱ ከመረጧቸው አንዱም አልደረሳቸው ይሆናል። የተመደበላቸው ጭራሽ ያላሰቡት ትምህርት ቤት ነው። ነገሩን ከዚያች ማታ ጀምሮ ማበላሸት የፈለገ ወላጅ እንዲህ ያድርግ።

በመጀመሪያ የተሰጠዎትን ቦታ «አልፈልግም» ብለው ይመልሱ። ንዴትዎ ሳይበርድ፣ እዚያው ስልክዎ ላይ። ቦታውን መቀበል ከተጠባባቂ ዝርዝር እንደማያስወጣና ይግባኝ እንደማይከለክል የሚነግርዎት ሰው ቢመጣ አይስሙት። የመለሱት ቦታ ለሌላ ልጅ ይሰጣል፤ ካውንስሉም ሌላ ላይፈልግልዎት ይችላል።

የተመደበልዎትን ትምህርት ቤት ደጁንም አይርገጡ። ከቅዳሴ በኋላ የሰሙት ወሬ ይበቃል። ወሬው የስንት ዓመት እንደሆነ፣ ርዕሰ መምህሩ ከዚያ ወዲህ ተቀይረው እንደሆነ አይጠይቁ።

ቀጥለው ልጁን ቤት ያስቀምጡት። አንድ ልጅ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ በሚመጣው ሴፕቴምበር ሪሴፕሽን፣ ማለትም የመጀመሪያው ክፍል፣ የመግባት መብት አለው፤ የመማር ግዴታው የሚጀምረው ግን አምስት ዓመት ከሞላው ቀጥሎ ባለው ተርም ነው። እስከዚያ ድረስ ወላጅ መግቢያውን ወደ ጃንዋሪ ወይም ወደ መጨረሻው ተርም መጀመሪያ ሊያሸጋግር፣ ወይም በግማሽ ቀን ሊያስጀምር ይችላል። ይህ ግን ቦታ ለያዘ ልጅ ነው። እርስዎ ቦታውን ኤፕሪል ላይ መልሰውታል።

ልጅዎ ከኤፕሪል 1 እስከ ኦገስት 31 ባለው ጊዜ የተወለደ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። እንዲህ ያለ ልጅ ሙሉ ዓመት ቆይቶ ሊገባ ይችላል። በዓመቱም ሪሴፕሽን እንዲጀምር ከተፈለገ ወላጅ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ለልጁ የሚበጀው የቱ እንደሆነ ታይቶ ይወሰናል፣ ማመልከቻውም እንደ አዲስ ይገባል። እርስዎ አይጠይቁ። «ዘንድሮ ይረፍ» ብለው ዝም ይበሉ። በዓመቱ ልጁ ሪሴፕሽንን ሳያያት ይር ዋን ይገባል። እኩዮቹ ፊደልን ከድምፁ እያገናኙ ማንበብ ጀምረዋል፤ ጃኬታቸውን የሚሰቅሉበትን ያውቃሉ፣ የምሳውን ሰልፍ ያውቃሉ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ለይተዋል። እሱ ሽንቱ መጥቶ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጠይቅ ጠፍቶት በሩ ሥር ይቆማል። ጥፋቱ ቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ አይደለም፤ አማርኛውን አጥብቀው ያስተምሩት። የቀረበት ከእኩዮቹ ጋር እየተጫወተ እንግሊዝኛውን የሚለምድበት ያ ዓመት ነው።

ማዘግየት በራሱ ነውር የለበትም። ያለቀኑ ለተወለደ፣ አፉን ዘግይቶ ለፈታ ልጅ እናቱ ዓመት ልጨምርለት ብትል እደግፋታለሁ። የምቃወመው በካውንስል የተናደደ ወላጅ ቂሙን በልጁ ዓመት ሲወጣ ነው። ካውንስሉ ማኩረፍዎን እንኳ አያውቅም፤ ልጁ ግን ጓደኞቹ ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ በመስኮት ያያቸዋል።

ይግባኙንም በንዴት ይጻፉት። ትምህርት ቤቱ ጎበዝ መሆኑን፣ የእህትዎ ልጅ እዚያ መማሯን ይዘርዝሩ። እስከ ይር ቱ ባሉት ክፍሎች ለአንድ መምህር ከ30 ልጅ በላይ እንዳይኖር ሕግ መከልከሉን አያንሱ። በዚህ ምክንያት የተከለከለ ቦታ በይግባኝ የሚገኘው በጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ለምሳሌ የቤትዎ ርቀት በስህተት ተለክቶ ቦታው በዚያ ምክንያት ካመለጠዎት። ርቀቱን አይፈትሹ።

ተጠባባቂ ዝርዝሩንም ይርሱት። ተራው የሚያዘው ቀድሞ በተመዘገበ ሳይሆን በመግቢያ መስፈርቱ፣ ማለትም በወንድምና እህት፣ በርቀት፣ በመሳሰለው ስለሆነ ከፍ ዝቅ ይላል። በክረምቱ ቤት የሚቀይሩ ቤተሰቦች ስላሉ ሴፕቴምበር ላይም ቦታ ይለቀቃል፤ ዝርዝሩ ቢያንስ እስከ ዲሴምበር 31 ይቆያል። ስልክ ቁጥርዎን ከቀየሩ ለካውንስሉ አያሳውቁ፤ ቦታ የተገኘ ቀን የሚፈልጉዎት በእሱ ነው።