ከጨው መኪና ኋላ

ጋሼ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እኛ በምንውልበት ቡና ቤት ግን የሚታወቁት በአየር ትንበያቸው ነው። ቅዝቃዜው ሲጀምር ሌሊት እየተነሡ የአውሮፓውን ሞዴል ያያሉ። የአሜሪካውን አያምኑትም። «ዜግነት ሰጠኝ እንጂ እምነት አልሰጠኝም» ይላሉ። የመንግሥት ትንበያ «ከአንድ እስከ ሦስት ኢንች፣ ወደ ዝናብ ሊለወጥ ይችላል» ሲል ደግሞ ደማቸው ይፈላል። «ሊለወጥ ይችላል ተብሎ ደመወዝ ይበላል?»

ልብ ብዬ እንዳየሁት፣ ደመወዝ የማይከፈለው ተንባይ ሁልጊዜ የሚተነብየው በረዶ ነው። ነገ ደህና ውሎ ደህና ያድራል ብሎ ስም ያወጣ የለም።

አንድ የካቲት ሪችመንድ ክርስትና ተጠርተን ነበር። ልጁ ወንድ ነው፤ አርባ ቀኑ እሑድ ይሞላል። እዚህ አገር በረዶ ሲጥል ትምህርት ቤትም መሥሪያ ቤትም ይዘጋል፤ አርባ ቀን ግን አይገፋም። ቅዳሜን ተኝተን በእኛ አቆጣጠር ሌሊት ስምንት ሰዓት ልንነሣ ተስማማን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ደወሉ።

«ዛሬ ማታ ካልወጣን ነገ የሚወጣ የለም። ስድስት ኢንች!»

የክርስትና አባት የሚሆነው ወጣት፣ «አፑ ዝናብ ነው የሚለው፤ እኔ ተኝቼ እመጣለሁ» አለ። ጋሼም «አፑ ያለው ኪስህ ውስጥ ነው፤ በረዶው ያለው ደመና ውስጥ» ብለው ዘጉበት።

ቫኑ ውስጥ አራት ሆንን። ጋሼ መሪ ይዘዋል። እትዬ ድፎ ዳቧቸውን ታቅፈዋል። ኮሌጅ የምትማረው የጋሼ የእህት ልጅ ስልኳን ይዛለች፤ እኔ ደግሞ አካፋ። ከኋላ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ከረጢት ጨውና አንድ ከረጢት የድመት አሸዋ ተጭኗል።

«ድመት ሳይኖርህ?» አሉ እትዬ።

«ጎማ ሲንሸራተት ከሥሩ ይደረጋል።»

«ድመቶቹስ ምን ሊያደርጉ ነው?»

ስፕሪንግፊልድን እንዳለፍን በሃይዌዩ ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ተዘርግተው አየን። ጋሼ ፈነደቁ። «አያችሁ! እነሱም ያውቃሉ!» መስመሮቹ ቀድሞ የተረጨ የጨው ውሃ ናቸው። ከመቶው 23 እጅ ጨው ነው፤ እንዲህ የተበጠበጠ ውሃ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ አይረጋም። ውሃው ሲደርቅ ጨው አስፋልቱ ላይ ስለሚቀር በረዶው ሲወርድ ከመንገዱ ጋር አይጣበቅም፤ ጠራጊው መኪና ገፎት ይሄዳል። ደረቅ ጨው ቢበተን ከፊሉ እየነጠረ ቦይ ውስጥ ይገባል። ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ ዘጠኝና አሥር ሲወርድ ደግሞ ተራው የድንጋይ ጨው ይለግማል። ይህን ሁሉ ጋሼ የነገሩን መሪውን በአንድ እጅ ይዘው ነው።

እትዬ በመስኮት እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያቴ በአሞሌ ገበያ ወጥተዋል። ከአፋር በግመል፣ ከዚያ በበቅሎ የመጣ ጨው! ገንዘብ ነበር እኮ። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አስፋልት ላይ ይረጫሉ?» ቀጥለውም፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ ይባል ነበር። እዚህ የሚጥሉት ግን እየጣፈጠም ነው።»

ብዙም ሳንርቅ ራሱን የጨው መኪናውን አገኘነው። ብርቱካንማ መብራቱን እያሽከረከረ፣ ከጀርባው ጨው እየነሰነሰ ያዘግማል። ጋሼ ከኋላው ተሰለፉ፤ ፍጥነታችን ወደ 35 ማይል ወረደ። ሌላው ሁሉ በግራ እየቀደመን፣ አንዳንዱም ጥሩምባ እየነፋብን ያልፋል። ፍሬው የመኪናችንን አፍንጫ እንደ ቆሎ ይቆላዋል።

«ጋሼ፣ ለምን አንቀድመውም?» አለች ልጅቷ።

«ከፊቱ ያለው መንገድ ጨው አልተነሰነሰበትማ!»

መልስ አልነበረንም። እስካሁንም የለኝም።

ፍሬድሪክስበርግ ስንቃረብ የሁላችንም አፍ ወደ አንድ ወሬ ሄደ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 እዚሁ መንገድ ላይ መጀመሪያ ዝናብ ነበር። ዝናብ የጨውን ውሃ አጥቦ ስለሚወስደው ቀድሞ አልተረጨም። ከዚያ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠና መዓት ወረደ፤ ከባድ መኪኖች ተንሸራተው መንገዱን ዘጉት፤ ብዙ ሰው ከአንድ ቀን በላይ መኪናው ውስጥ ታጎረ። ሴናተር ቲም ኬይን ዋሽንግተን የገቡት ከ27 ሰዓት በኋላ ነው። በመሀል አንድ ቤተሰብ ብርቱካን አቅምሷቸዋል። የተቆመበት አካባቢ የነበረ የዳቦ መኪናም ተከፍቶ ለሰው ዳቦ ታድሏል።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። «ጃንዋሪ 3? ጾመ ገና እኮ ነው። ዳቦው ቅቤ ነበረው?»

ያንን የጠየቀ ጋዜጠኛ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ።

ጋሼ የ2016ቱንም አልተዉልንም። ያኔ አንድ ኢንች እንኳ የማይሞላ በረዶ ጨው ባልነካው መንገድ ላይ ወርዶ ዋሽንግተንን አገታት፤ የኦባማ አጀብ ከአንድሩስ አየር ኃይል ሠፈር ቤተ መንግሥት ለመግባት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀበት፤ ከንቲባዋም በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቁ። «እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ!» አሉ ጋሼ።

ያን ጊዜ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ዝናብ ነው። ጋሼ የመኪናውን ቴርሞሜትር በፋራናይት ጮክ ብለው ያነብቡ ጀመር። «ሠላሳ ሰባት! ሠላሳ ስድስት! ሠላሳ ሁለት ሲደርስ ታያላችሁ!» ትንሽ ቆይቶ ሠላሳ ሰባት ሆነ። ቀጥሎ ሠላሳ ዘጠኝ። አርባን ሲያልፍ ንባቡ ቀረ። የዚህ መንገድ ጣጣ ይኸው ነው። በምዕራብ ያሉት ተራሮች ብርዱን አቅፈው ይይዛሉ፣ በምሥራቅ ውቅያኖሱ ሙቀቱን ይልካል፤ በረዶና ዝናብ የሚለያዩበት ድንበር ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚሁ ሃይዌይ አካባቢ ነው። ጥቂት ማይል ፈቀቅ ካለ ያንዱ ሰፈር በረዶ ለሌላው ሰፈር ጃንጥላ ነው።

«ጋሼ፣ ስድስቱ ኢንች የት ደረሰ?» አለች ልጅቷ። ጋሼ የዝናብ መጥረጊያውን አፈጠኑት።

ሪችመንድ እኩለ ሌሊት ላይ ጨው ለብሰን ገባን። ባለቤቶቹ እየጠበቁን ስላልነበር ሳሎን ምንጣፍ ላይ አደርን። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሰማዩ ጠርቷል፣ መሬቱ እርጥብ ነው፤ ሰዉ አካፋችንን እያየ ይስቃል።

ቅዳሴው እንደተጀመረ የልጁ አባት ስልኩ ነዘረ። የክርስትና አባት ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ። መኪናው በረዶ ውስጥ ተቀብሯል፤ የሰፈሩን መንገድ የጠረገው የለም። ጋሼ ስልኩን ነጥቀው ወደ ደጅ ወጡ። ወጣቱን ያጽናኑታል ብዬ ተከተልኳቸው።

«ማስመሪያ አምጣና ለካ!... በድምጽ ንገረኝ!... አምስት ተኩል? መሬቱን ንካ፣ እስከ መሬት አስገባው!»

ተመልሰው ሲገቡ ቁመታቸው ጨምሯል። ቄሱ ግን ማስመሪያ አልጠበቁም፤ ልጁን ማን እንደሚያነሣ ነው የጠየቁት። አባትየው ግራ ቀኙን ሲያይ በሰዓቱ የደረሰ፣ ለወንድ ልጅ የክርስትና አባት የሚሆን ዘመድ አንድ ብቻ ነበር፤ አቋሙ የቀና፣ ነጠላው ላይ የጨው ነጠብጣብ ያለበት።

ግብዣው ላይ አንዱ አማች፣ «ጋሼ፣ እዚህ እኮ አንድም ፍሬ አልወረደም» አላቸው።

የክርስትና ልጃቸውን ታቅፈው፣ «እኔ ስድስት ኢንች አልኩ» አሉ። «የት ብሎ የጠየቀኝ አለ?»

«ታዲያ ስንመለስስ?» አሉ እትዬ ድፎውን እየቆረሱ።

ጋሼ ሕፃኑን ወደ ግራ ክንዳቸው አዛውረው በቀኛቸው ስልካቸውን አወጡ።

«የአውሮፓው ገና አልወጣም።»