የግሥን ጭራ ስለ መቍረጥ፤ ለክቡር አወያይ የተሰጠ ምክር

ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ አበልዎን ፈርመው፣ የአዳማ ሙቀት የአዳራሹን መጋረጃ አልፎ ሳይደርስብዎ ከማይክሮፎኑ ፊት የሚቆሙ ክቡር አወያይ ሆይ፣ ተሰብሳቢው ሁሉ አማርኛና ኦሮምኛ አጥርቶ እንደሚሰማ እያወቁ በእንግሊዝኛ ለመናገር ቈርጠዋልና ይህን ምክር ይቀበሉ።

አስቀድሞ፣ የግሥን ጭራ ከቁም ነገር አይቍጠሩት። «ሉክ» ካሉ በኋላ «አፍተር» ቢከተል፣ «ፎር» ቢከተል፣ «ኢንቱ» ቢከተል ያው መመልከት አይደለምን? የአንድምታ መምህራን ለአንዱ ቃል ሦስት ትርጓሜ በሚያወጡበት አገር፣ እርስዎ ለሦስቱ አንድ ትርጓሜ ሰጥተው የሊቃውንቱን ድካም ያቅልሉ። ችግር ሲነሣም «ኮሚቴው ሉክ አፍተር ያደርገዋል» ይበሉ፤ ይመረምረዋል ለማለት አስበው ይንከባከበዋል ማለትዎ ነው፤ ዳሩ ግን ያው ችግር በየዓመቱ ወፍሮ ወደ አዳራሹ ስለሚመለስ፣ ቃልዎ ከሐሳብዎ ይልቅ እውነት ይሆናል።

ስብሰባ ሲጠሩ በደብዳቤው ላይ «ኮል ኦፍ» ብለው ይጻፉ። ትርጓሜው መሰረዝ መሆኑን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ከሞጆ፣ ከመቂና ከባቱ ሳይነሡ ይቀራሉ፤ እርስዎም ባዶውን ወንበር እያሳዩ ስለ ደካማው የተሳትፎ ባህላችን ይገሥጹ። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አምኜ ቀርቼ፣ ስሜ ከቀሪዎች ተርታ ተነብቦብኛል።

አንተ ሰው! ዳኛው «ፈረደለት» ሲባልና «ፈረደበት» ሲባል፣ በአንዲት ፊደል ልዩነት አንዱ ወደ ቤቱ ሌላው ወደ ወህኒ እንደሚወርድ በእናትህ ልሳን ከሕፃንነትህ ጀምረህ ታውቅ የለምን? በገዛ ቋንቋህ ለአንዲት ፊደል ይህን ያህል የምትጠነቀቅ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማርህበትን የሰው ቋንቋ መስተዋድድ እንደ ጉድፍ የምታራግፈው ስለ ምንድን ነው?

ይቅርታዎን፣ ክቡር አወያይ፤ ሙቀቱ ነው።

ጭራ የማይሻውን «ዲስከስ» ግን፣ ከሌሎች የቈረጡትን ለማካካስ፣ «አባውት» ይቀጥሉለት። እስክሪብቶ ሲቸግርዎ «ቦሮው ሚ» ይበሉ፤ አበዳሪና ተበዳሪ የሚለዩት የመክፈያው ቀን ሲደርስ ነው። መብራቱን «ኦፕን» ያስደርጉ። የሻይ ሰዓት ሲደርስም «ብሬክ ዳውን እናድርግ» ብለው፣ እንደ አሮጌ የጭነት መኪና አብረን እንድንበላሽ ይጋብዙን፤ ይህችን እንኳ ተሰብሳቢው ያለ አስተርጓሚ ይረዳታል፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ሳምቡሳው ዘንድ ደርሷል።