ማንነቱ ያልተጣራ ተሳፋሪ

ለ፦ በአማራ ክልል የሕዝብ ትራንስፖርት ስምሪትንና ታሪፍን ለሚወስነው የተከበረ መሥሪያ ቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በአውቶቡስ የሚጓዝ ብስክሌት ማን እንደሆነ እንዲወሰንለት ስለ መጠየቅ

ባሕር ዳር ብስክሌትን ካወቀች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ በተንጣለለ ሜዳ የተቆረቆረች በመሆኗ ፔዳል ለሚመታ ሰው እምብዛም አታስቸግርም፤ በ1950ዎቹ በኢጣሊያ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሠራተኛና ተማሪ ወደ ከተማዋ ሲያመጡ፣ ብስክሌት ባለ ብዙ ደንበኛ ሆነ። ባጃጅ የተባለው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ መጥቶ መንገዱን እስኪሻማው ድረስም በዘንባባ ጥላ ሥር የሚያልፈው ብስክሌት የከተማዋ መታወቂያ ነበር። በቅርቡም ክብሩ እየተመለሰለት ይመስላል፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ይዞ ተሠርቷል፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ፣ ማለትም የእግረኛንና የብስክሌትን ጉዞ ለማስፋት የወጣ ዕቅድ፣ አዘጋጅቷል። እንግዲህ ብስክሌት በድልድይ ላይ ባለ መብት፣ በስትራቴጂ ውስጥም ባለ ምዕራፍ ሆኗል ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ ይህ የተከበረ ዜጋ መናኸሪያ በር ላይ ሲደርስ ማንነቱ የሚጠፋ መሆኑ ነው።

በመናኸሪያው ሥርዓት እያንዳንዱ ነገር የታወቀ ስፍራ አለው። ሰው ወንበር ይይዛል፤ ሻንጣ ከወንበር ሥር ወይም ከጣሪያ ላይ ይሄዳል፤ ዶሮ እግሯ ታስሮ ከባለቤቷ እግር አጠገብ ትቀመጣለች፤ በግና ፍየል ፖርቶመጋላ ላይ፣ ይኸውም በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዙሪያውን በብረት በታጠረው የጭነት ስፍራ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው አገር ያያሉ። ብስክሌት ግን ከእነዚህ ከአንዱም ወገን አይመደብም። ተሽከርካሪ እንዳይባል ሰሌዳ የለውም፤ ሻንጣ እንዳይባል አይታጠፍም፤ የጭነት ከብት እንዳይባል፣ ኮርቻ ቢኖረውም መኖ አይበላም። በጣሪያው ላይ ከሚጫነው ሁሉ፣ ቢተዉት ኖሮ ወደዚያው ስፍራ በራሱ ጎማ ሊሄድ ይችል የነበረው እርሱ ብቻ መሆኑም ጥርጣሬውን ሳያባብስበት አልቀረም። በዚህ ምክንያት ይመስላል ጉዳዩ ከመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ወርዶ ለአውቶቡስ ረዳት የተተወው፤ ረዳቱም ሸክሙን በጸጋ ተቀብሎ ሕግ አውጪ፣ ሕግ ተርጓሚና ገንዘብ ሰብሳቢ ሆኖ በአንድ ሰውነት ያገለግላል።

ረዳቱ ለብስክሌት የሚቆርጠው ዋጋ የሚሰላበት መንገድ ከማንኛውም የታሪፍ ጥናት የረቀቀ ነው። ታሪፍ፣ ማለትም ባለሥልጣን ለአንድ ጉዞ ቆርጦ ያወጣው ዋጋ፣ ለሰው የሚወጣው በርቀት ተለክቶ ነው፤ ለብስክሌት የሚጠየቀው ግን የባለቤቱ ጫማ፣ የቀለሙ አዲስነት፣ የሰዓቱ መምሸትና የቀሩት መኪኖች ብዛት ተደምረው ነው። ባለቤቱ ፈረንጅ ከሆነ ስሌቱ በሌላ የሒሳብ ዘርፍ ይሠራል። «ለሳይክሏ ለብቻ ነው» የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ ክርክሩ በዋጋ ላይ እንጂ በመብት ላይ አይሆንም፤ ለተከፈለው ገንዘብ ደረሰኝ የሚጠይቅ ተሳፋሪም ሾፌሩን፣ ረዳቱንና ሌላውን ተሳፋሪ በአንድ ጊዜ ለማሳቅ ይበቃል።

አጫጫኑም በዚያው ልክ ሊጠና የሚገባው ነው። ረዳቱ ከኋላ ባለው መሰላል ወጥቶ የፊት ቸርኬውን ይጎትታል፤ ባለቤቱ ከታች ሆኖ የኋላውን ጎማ በሁለት እጁ ወደ ላይ ይገፋል፤ መሪው ከጣሪያው ብረት ጋር ተጋጭቶ ከተላቀቀ በኋላ ብስክሌቱ በጎኑ ይተኛል። ከዚያ በላዩ የድንች ኬሻ ይመጣል፤ በኬሻው ላይ ፍራሽ ይከተላል፤ ፔዳሉ ከታች ሆኖ የአንዷን ነጋዴ የጤፍ ማዳበሪያ ይወጋና ጤፉ በየጉብታው ጥቂት ጥቂት እያለ ለመንገዱ ወፎች ይታደላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ማለትም አየር ከሚይዘው የጎማ ውስጠኛ ክፍል፣ በተቆረጠ ላስቲክ ይታሰራል፤ ብስክሌት በገዛ ወገኑ ቆዳ የሚታሰርበት ሥርዓት በሌላ የትራንስፖርት ዘርፍ አይገኝም። ሲወርድ ቸርኬው ዳቦ ቆሎ የሚያህል ጉብታ አውጥቶ ቢገኝ መልሱ የተዘጋጀ ነው፦ «ሲጫንም እንደዚሁ ነበር።» ሲጫን እንዴት እንደነበረ የሚመሰክር ወረቀት ስለሌለ ይህ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብስክሌተኞች ቅብጠት እንዳይመስል የቆጋን አካባቢ ማየት ይበቃል። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በመርዓዊ አጠገብ የተገደበው የቆጋ ወንዝ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዝ ግድብ አለው፤ ውኃው በዋና ቦይና ከዋናው በሚገነጠሉ ቅርንጫፍ ቦዮች 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የታሰበ ነው፤ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና አቮካዶ ይመረትበታል። ሰባት ሺህ ሄክታር ማለት 70 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህን ያህል መሬት በእግር ለሚያካልል የግብርና ባለሙያ ወይም ቦይ ተቆጣጣሪ ቀኑ ይመሽበታል፤ ባጃጅ ቦይ ለቦይ አይሄድም፤ አውቶቡስም አስፓልቱን አይለቅም። እንዲህ ባለው ስፍራ ሁነኛው መጓጓዣ ብስክሌት ነው። ነገር ግን ቤቱ ባሕር ዳር፣ ሥራው ቆጋ የሆነ ሰው፣ መርዓዊ ከባሕር ዳር ከፍ የምትል በመሆኗ ጠዋት ጠዋት ዳገቱን እየገፋ 35 ኪሎ ሜትር ነድቶ በደህና ጉልበት ሥራ ይጀምራል ተብሎ አይጠበቅም። አስፓልቱን አውቶቡስ፣ ቦዩን ብስክሌት ቢጋሩለት ሁለቱም አቅማቸው በሚፈቅደው ልክ በሠሩ ነበር። አሁን ባለው አሠራር ያለው ምርጫ ግን ብስክሌቱን በየቀኑ ለድንች ኬሻ ማስረከብ ወይም ሁለት ብስክሌት ገዝቶ አንዱን በባሕር ዳር፣ አንዱን በመርዓዊ ማኖር ነው፤ የኋለኛው መንገድ ለብስክሌት ነጋዴዎች ያለውን ጠቀሜታ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ አይቶት ከሆነ አርቆ አሳቢነቱ ሊመሰገን ይገባል።

በሌላው ዓለም ያሉ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ትዕግሥት የላቸውም። በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አውቶቡሶች በፊታቸው ታጣፊ የብረት መደርደሪያ ይዘው ይሄዳሉ፤ መደርደሪያው ወደ ታች ሲሳብ ይዘረጋል፣ ባለቤቱ ራሱ ጎማዎቹን በተሠራላቸው ማስቀመጫ ያቆማል፣ በስፕሪንግ ኃይል የሚሳብ ክንድም የፊት ጎማውን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ሥራው ባለቤቱ ከለመደው በኋላ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አያልፍም፤ ሾፌሩም ጭነቱን ከፊት ለፊቱ እያየ ይነዳል። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ደግሞ በከተማዋ ዙሪያ የሚሠራው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2010 የብስክሌት ክፍያን ጨርሶ አንሥቷል። የእኛዎቹ አውቶቡሶች ፊት አስቀድሞ በጥቅስና በጌጥ መያዙ እንደ መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል፤ ይሁንና መደርደሪያው የሚቀመጠው ከመስታወቱ በታች፣ መብራቱን ሳይጋርድ ስለሆነ ጥቅሱ በስፍራው ይኖራል።

ጣሪያም ቢሆን በራሱ ጥፋተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ በተባለው የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ ሲወዳደር፣ መለዋወጫ ብስክሌቶች ከኋላ በሚከተሉ የቡድን መኪኖች ጣሪያ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር የሚጓዙት፤ ልዩነቱ ከድንች ጋር አለመጋባታቸው ብቻ ነው። ክብደትን ሰበብ ማድረግም አያዋጣም፤ ተራ ብስክሌት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው፤ ኩንታል በየቀኑ ያለ ጉባኤ ይወጣል፣ ይወርዳል። በጣና ዳር ያሉት የዘጌ ሰዎች እንኳ በደንገል ታንኳ፣ ይኸውም ከሐይቁ ዳር በሚበቅል ቄጠማ መሰል ተክል በሚታሰር ጀልባ፣ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲቀዝፉ ምን የት እንደሚቀመጥና ምን ያህል እንደሚበቃ ያውቃሉ፤ በእነርሱ ዘንድ የተሳሳተ አጫጫን «ሲጫንም እንደዚሁ ነበር» ተብሎ አይታለፍም፤ ሐይቁ ወዲያው ይፈርዳል።

ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ የሚጠበቀው ጥራዝ መመሪያ፣ ዓውደ ጥናት፣ ወይም ልምድ ለመቅሰም ወደ ኮፐንሃገን የሚላክ የልዑካን ቡድን አይደለም፤ አንድ ገጽ ነው። በዚያች ገጽ ላይ ብስክሌት ዕቃ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ይወሰናል፤ ዋጋው ከሰው ታሪፍ ጋር በተመሳሳይ ርቀት ተሰልቶ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ በረጅም መንገድ አውቶቡስ ላይ በቁሙ ወይም ከሌላ ጭነት በላይ እንዲታሰር ይታዘዛል፤ ለደረሰበት ጉዳት ማን እንደሚጠየቅ ይጻፋል። በከተማ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሠራተኛና ተማሪ በሚጋፋበት የጠዋትና የማታ ሰዓት ብስክሌት አይገባም ቢባል ተገቢ ነው፤ ሰው በብስክሌት መሪ ጎኑን እየተወጋ ሊጓዝ አይገባውም፤ ከዚያ ውጪ ባለው ሰዓት ግን ባዶ መተላለፊያ ታቅፎ የሚሄድ አውቶቡስ አንድ ብስክሌት የሚከለክልበት ምክንያት የለውም። የፊት መደርደሪያው ጉዳይ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለሆነ በባሕር ዳርና በመርዓዊ መካከል በሚመላለሱ ጥቂት መኪኖች ተሞክሮ ቢታይ ይበቃል።

እንዲህ ያለ ደንብ አስቀድሞ ተጽፎ በአንድ መሳቢያ ውስጥ የሚገኝ ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ከመሳቢያው አውጥቶ በመናኸሪያው ትኬት መቁረጫ መስኮት አጠገብ፣ ረዳቶችም ተሳፋሪዎችም በሚያነቡት ትልቅ ፊደል እንዲለጥፈው ይጠየቃል፤ ካልተጻፈም እንዲጽፈው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመናኸሪያው ተራ አስከባሪዎች
ለአውቶቡስ ባለንብረቶች
ጤፏ ለፈሰሰባት ነጋዴ፣ ለመረጃ ያህል