ቆርቆሮ ያለበሰኝ ብርድ

አዲስ አበባ ያላችሁ ሰዎች ኅዳር በገባ ቁጥር «ዘንድሮስ ብርዱ በረታ» ማለት ትወዳላችሁ። እናንተ የተቀመጣችሁት 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የእኛ የመንዝ ጓሳ ሜዳ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,700 ይወጣል። ለመንዝ ሰው ስለ ብርድ ማውራት ድፍረት ነው።

ሰማዩ ጥርት ሲል እናንተ «እንዴት ያምራል» ትላላችሁ፤ እኛ እንሰጋለን። ደመና ካለ ምድር ቀን የሞቀችውን ሙቀት ይዛ ታድራለች። ሰማዩ ክፍት ከሆነ ግን ሁሉም ወደ ላይ ያመልጥና ሲነጋ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብሎ የተረተው ሰው መቼም ደጋ አድሮ አያውቅም። እዚህ ሙሉ በግ ነው የሚያስፈልገው፤ የበግ ዋጋ ደግሞ እንኳን ሊበሉት ሲሰሙትም ያስበርዳል።

የኔ መከራ የጀመረው ልጆቼ ሲያልፍላቸው ነው። «አባታችን እስከ መቼ በሣር ቤት ይኖራል?» ብለው መከሩና ቆርቆሮ ጭነው መጡ። ጎረቤት እልል አለ። እኔም መረቅኋቸው፤ ቆርቆሮ ለጫነ ልጅ ምን ይባላል?

የጓሳ ሣር ክዳን እኮ ጣራ ብቻ አልነበረም። ሣሩ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ነው፤ ሙቀቱን እንደያዘ ጭሱን ብቻ እያሾለከ ያስወጣል። ቆርቆሮ ውፍረቱ ከጥፍሬ አይበልጥም። የምድጃው ሙቀት ሄዶ ሲነካው ሳይጠይቅ ያሳልፈዋል። ኩበት የማነደው ለከዋክብት ሆኗል።

ይባስ ብሎ ያልበዋል። ሌሊት ትንፋሻችንና የድስቱ እንፋሎት ከቆርቆሮው ሥር ተጠራቅሞ ይረጋል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። በበጋ፣ ውጭ አንዲት ዳመና በሌለበት፣ ቤቴ ውስጥ ይዘንባል። አንደኛዋ ጠብታ ቦታዋን ታውቃለች፦ ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ። ትራሱን ወደ ግርጌ ባዞረው እኅቷ እዚያ ትጠብቀኛለች።

«ታዲያ ለምን ሣሩን አትመልሰውም?» ትሉኝ ይሆናል። ጓሳ እንደፈለጉ የሚታጨድ ሣር አይደለም። ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ወገኖች በጥንቱ ቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፣ የሥርዓቱ አለቃ አባ ቄራው ሲፈቅድ ይከፈታል። ያለ ፈቃድ በታጨደ ሣር የተከደነ ቤት እሳት ይለቀቅበት ነበር ሲሉ ሽማግሎች አውግተውኛል። ጥፋተኛው ያን ምሽት እንኳ ሞቆት አድሯል ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ቄሮው ከነርስቱ ቀረ፣ ሜዳውም ባለቤት አጥቶ ተቦጨቀ። አሁን ማኅበረሰቡ ደንብ አውጥቶ ያስጠብቀዋል፤ ማጨድ ሲፈቀድ ነው፣ ያውም በተራ። እሰየው ነው፤ ባይጠበቅማ ዛሬ የማለቅስለት ሣርም ባልኖረ።

ከጥበቃው አብልጦ የተጠቀመው ግን ጭላዳው ነው። ካፖርቱን ለብሶ ተወልዷል። ጠዋት ከገደሉ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ፈረንጅ ከባሕር ማዶ መጥቶ ፎቶ ያነሣዋል። እኔም በዚያው ሰዓት ካቡ ሥር ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ። ያነሣኝ የለም።

ድሮ በጎቹም ከኛው ጋር ነበር የሚያድሩት። ማታ ሲገቡ ቤቱ በትንፋሻቸው ለብ ይል ነበር። ኋላ «ከብት ከሰው ተለይቶ ይደር» ተባለ። ልክ ነው፣ አልከራከርም፤ ሽታው ቀርቷል፣ ቁንጫውም ቀንሷል። ሙቀቱም አብሮ ቀረ እንጂ። ቁንጫም ቢሆን እኮ ስታክክ ታድራለህ፤ ሰውነት ይሞቃል።

መበርዴን ያየ ልጄ ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላከልኝ። ካርቶኑ ላይ 2000 ዋት ይላል። የልጅ ልጄ ሲያሰላው ባለ 100 ዋት አምፖል 20 አንድ ላይ እንደ ማብራት ነው፤ ስምንት ሰዓት ቢበራ 16 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ታሪፉ ደግሞ ብዙ በተጠቀምህ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እየከበደ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ማሞቂያው ከነካርቶኑ ነጠላ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል። እሱ አይበርደውም።

ሴቷ ልጄ በበኩሏ ለስላሳ ብርድ ልብስ ላከች፤ አንበሳ አለበት። ባናዬን «ይሻክራል» ብላ ነው። አዎ ይሻክራል! የመንዝ በግ ጠጉር ነው፣ ሴቶቻችን የፈተሉት፣ ሸማኔ የሠራው፤ ይወጋል፣ ይከብዳል፣ ግን ያሞቃል። አንበሳው ደግሞ ሌሊት ስገላበጥ ጠሽ ጠሽ እያለ በጨለማ ብልጭ ይላል። ባለቤቴ አማተበች። የልጅ ልጄ «አባባ፣ ክሩ ፕላስቲክ ነው፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ተፋትጎ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል» አለኝ። እንግዲህ መብራት በጠፋ ሌሊት እንኳ አልጋዬ ላይ አለ፤ ያውም ያለ ታሪፍ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልቀልድም። ሰው ብርዱ ሲያንገፈግፈው የከሰል ማንደጃ አስገብቶ፣ በርና መስኮት ጠርቅሞ መተኛት ለምዷል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ እንቅልፍ መስሎ ይወስዳል። ሙቁና ከመተኛታችሁ በፊት ወደ ደጅ አውጡት። ብርድ እንደኔ ያነጫንጫል፣ ነጋ አልነጋ ያስብላል እንጂ ሲነጋ ትነሣላችሁ።

ልጄ ለገና ሲመጣ ሐሳቤን ነገርኩት፦ ከቆርቆሮው ሥር አግዳሚ እንምታ፣ ማዳበሪያ ጆንያ ሰፍተን እንወጥር፣ በመካከሉ ጓሳ እንጠቅጥቅ። ዝናቡን ቆርቆሮው ይመልስ፣ ሙቀቱን ሣሩ ይያዝ።

«አይጥ ይራባበታል» አለች ባለቤቴ።

«አይጧስ፣ ይብረዳት?»

ልጄ ግን ፊቱ ጠቆረ። «አባዬ፣ ስንት ብር ወጥቶበት ተመልሶ ሣር? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሌሊት እዚህ አያድርም» አልኩት። «አንተ ሚስማሩንና ጆንያውን ግዛ፣ ሣሩ ሲፈቀድ ወረፋውን እኔ እይዛለሁ። ስትመለስ ደግሞ ማሞቂያህን ይዘህ ሂድ፤ ካርቶኑን ግን ተወው፣ ለጫጩቶቹ እፈልገዋለሁ።»