መብራት ለሌላት ማን ዝቅ ያድርግ?

ተረት ተረት። የመሠረት።

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚመላለሱ ተሽከርካሪዎች ሁሉ አንድ ወግ ነበራቸው። ማታ ፊት ለፊት ሲገናኙ ረጅሙን መብራት ዝቅ አድርገው በአጭሩ ይተላለፋሉ። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያከብሩት ግን ቅጣት ፈርተው አልነበረም። ቀን ቀን ፍሬቻ ሳያሳይ እየታጠፈ ሰው የሚያማርረው ሚኒባስ እንኳ ማታ ሲሆን ዝቅ ያደርግ ነበር። የዘነጋ ካለ ሁለቴ ብልጭ ይደረግለታል፤ እሱም አፍሮ ቶሎ ይቀንሳል።

ከዕለታት በአንዱ የክረምት ሌሊት ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ መጣ። ከባድ መኪና ቀን ከተማ እንዳይገባ ስለተከለከለ እንጀራው በጨለማ ነው። ጣራው ላይ ፓውዛ አስተክሏል። ሚኒባሱ ዝቅ አደረገለት፤ ሲኖ አላደረገም። ሁለቴ ብልጭ ቢያደርግለት ሲኖ ፓውዛውን ጨመረበት። «የምፈራው የለኝም፤ የሚፈራኝ ዳሩን ይያዝ» አለ።

ሚኒባሱ ዓይኑ ጠፍቶ ዳር ያዘ። ብርሃን የደፈነው ዓይን እስኪመለስ ሴኮንዶች ይፈጅበታል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደግሞ በአንዲት ሴኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ያልፋል። የሚኒባሱ ዓይን ተመለሰ፤ ልቡ ግን አልተመለሰም። ቀጥሎ ያገኘው ባጃጅን ነበር። ባጃጁ ምንም አልበደለውም፤ ገና ከሩቅ ዝቅ አድርጎ ነው የመጣው። ሚኒባሱ ግን የሲኖን ዕዳ ከእሱ ላይ አወራረደ። በአገራችን ካሉት ክፋቶች ሁሉ እኔ አብልጬ የምፈራው ይህን ነው፤ በደላችንን ለበደለን መመለስ ሲያቅተን ከእኛ የሚያንሰውን እንፈልጋለን።

ባጃጁ በነጋታው ሶማሌ ተራ ሄዶ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ገዛ። በአሮጌው አምፖል ሆድ ውስጥ ሁለት ክሮች ነበሩ። ከአጭሩ መብራት ክር ሥር አንዲት ትንሽ የብረት መከለያ አለች፤ ሥራዋ ብርሃኑ ወደ ሰው ዓይን እንዳይወጣና ወደ አስፋልቱ እንዲወርድ ማድረግ ነው። አዲሱ አምፖል ለዚያ ቤት ልክ አልተሠራምና ብርሃኑን ወደ ላይም ወደ ጎንም ይረጨው ጀመር። ባጃጁ ግን «ከእንግዲህ ማን ይንቀኛል!» ብሎ ደስ አለው።

ወር ሳይሞላ መንገዱ በረጅም መብራት ነደደ። ከሩቅ ለሚያየው ሰፈሩ የሠርግ ቤት መሰለ፤ በውስጡ የሚሄድ ግን ፊቱን አያይም ነበር።

አንድ ሌሊት አየር ጤና ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፈው ያደሩት ተሽከርካሪዎች ሸንጎ ተቀመጡ። «ማን ጀመረው?» ተባለ። ባጃጁ ወደ ሚኒባሱ፣ ሚኒባሱ ወደ ሲኖ ጠቆመ። ሲኖም «እኔንም ሌላ አገር መንገድ ላይ ያሳወሩኝ ነበሩ» አለ። በዚህ መሐል የኤሌክትሪክ መኪናዋ መጥታ ቆመች። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እህቶቿ በዝተዋል፤ ሰልፉም አይመለከታትም።

«በዚህ ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አለች። «እኔ ካሜራ አለኝ። መብራት ሲመጣ በራሴ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ሲያልፍ በራሴ ከፍ አደርጋለሁ። ከመስመር ስወጣ መሪዬ ይመልሰኛል። ሁላችሁም እንደ እኔ እስክትሆኑ ታገሡ።»

ሸንጎው ነገሩን ወደደው። ከራስ ላይ ሸክም የሚያወርድ ምክር ማን ይጠላል?

ከሰበታ በኩል ከሰል ጭና የመጣች ዳለቻ አህያ ዳር ቆማ ትሰማ ነበር። «እሜቴ» አለች፣ «ዝቅ የሚያደርጉት ለማን ነው?»

«መብራት ላለው ሁሉ።»

«ለሌለውስ?»

ሰልፉ ሳቀ። መኪናዋ አልሳቀችም፤ የምትመልሰው አጥታ ነበር።

ሊነጋ ሲል መኪናዋ ጉዞዋን ጀመረች። ለሲኖ ዝቅ አደረገች፣ ለሚኒባሱም፣ አንድ ዓይኑ ለጠፋው አይሱዙም እንኳ። ነጠላቸውን ተከናንበው ኪዳን ለማድረስ ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ለሚሄዱት እናት ግን ከፍ እንዳለች አለፈች። ሱብሂ ሊሰግዱ ለወጡት ሽማግሌም እንዲሁ። መንገድ የምትጠርገው ሴት መጥረጊያዋን ጥላ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። አህያዋ የምትሸፍንበት እጅ የላትም። ብርሃኑ ዓይኗን ሲደፍነው ወደ ዳር ሸሸች፤ ዳሩ ላይ ክዳኑ የተሰረቀ የውኃ መውረጃ ጉድጓድ ነበር። እግሯ ገባ። ከሰሉ አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

መኪናዋን ጠየቋት። አልዋሸችም፤ «ከፊቴ ማንም አልነበረም» አለች። ካሜራዋ የሚፈልገው መብራት ነው፤ መብራት ያልያዘን ሰው እንደሌለ ይቆጥረዋል።

ይሄኔ አሮጌው ቮልስ ተናገረ። ቀለሙ የለቀቀ፣ ሁሉ «አባባ» የሚለው ነው።

«ልጆቼ፣ በ1956 ዓ.ም. ወጣት ነበርኩ። እስከዚያ አገሩ በግራ ነበር የሚነዳው። ከዛሬ ጀምሮ በቀኝ ንዱ ተባለ። የጭነት መኪናውም፣ አውቶብሱም፣ እኔም በአንድ ቀን ዞርን። ‹እሱ ካልዞረ አልዞርም› ብንል ኖሮ ተላትመን እናልቅ ነበር። የዛሬው ከዚያ ይቀላል፤ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«ማን ይጀምር ታዲያ?» አለ ሚኒባሱ።

«መብራቱ ከሁሉ ከፍ ብሎ የተሰቀለው።»

ሁሉም ወደ ሲኖ ዞሩ። «ዝቅ ካልኩ ደከመ ይሉኛል፣ አባባ» አለ ሲኖ።

«ክብደትህን መንገዱ ያውቀዋል፣ ልጄ። ለማን ነው የምታስረዳው?»

ሲኖ መልስ አልሰጠም። በማግስቱ ሌሊት ግን መንገድ ጠራጊዋን ከሩቅ ሲያይ ፓውዛውን አጠፋ፤ ረጅሙንም ቀነሰ። እሷ ብልጭ የምታደርግለት መብራት አልነበራትም፤ እጇን አነሣችለት። ሚኒባሱ ተንኮል መስሎት ብዙ ሌሊት ሲጠራጠር ቆየ፤ ኋላ ግን ተከተለ። ባጃጁ የጣለውን ዓይነት አምፖል እንደገና ገዛ። እስከ ዛሬ እምቢ ያሉም አሉ። የአህያዋ እግር ሳይቃና ቀረ።

የኤሌክትሪክ መኪናዋም ብትሆን ከመሪዋ ሥር በእጅ የሚነካ የመብራት ማዘዣ አላት። ማታ በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና፣ በቤተል የምትነዱ ሁሉ፣ መኪናችሁ በራሱ ቢቀንስም ባይቀንስም፣ እግረኛና እንስሳ ስታዩ እባካችሁ በገዛ እጃችሁ ዝቅ አድርጉ።