ጋቢና ሞልቷል!

ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ አፍ ያለው ሁሉ የፈረስ ሐኪም ነው። ፈረስ የጫነ አይሱዙ ሞተሩን ካስነሳማ ምክሩ ከጭነቱ ይበዛል። እኔም ምላሴ ስለማያርፍ ለያንዳንዱ መልሱን ሰጥቻለሁ፤ እነሆ።

«አብሽር ጋሼ! ፈረስ እንደሆነ ቆሞ ይተኛል፤ መኪና ላይ መቆም ምን ያቅተዋል?» አለ ረዳቱ።

አንተስ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትሩን ቆመህ ሂድና ስትመለስ እናውራ! ቤቱ ቆሞ ማንቀላፋትና በሚንገጫገጭ ላሜራ ላይ መቆም ለየቅል ነው። ሐረጎ ላይ ሹፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ፈረሱ በፊት እግሮቹ መሬት ይገፋል። ኩርባው ወደ ግራ ሲዞር ወደ ቀኝ እንዳይሄድ እግሩን ያንፈራጥጣል። ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ወደ ኋላ ይንገዳገዳል። መሪ አልያዘ፣ መንገዱን አያይ፣ ኩርባው መቼ እንደሚመጣ የሚነግረው የለ። ሹፌሩ ተቀምጦ ነድቶ «ወገቤ!» እያለ ከሚሴ ላይ ሻይ ያዛል፤ አራት እግሩን ሲያሠራ የመጣውን ግን «ተጭኖ መጣ» ይሉታል። ተጭኖ አይደለም፤ ሲሠራ ነው የመጣው!

«የጥንቱ ሰው ሲናገር፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላል» አሉ አንድ ሽማግሌ።

እሱማ ድሮ ነው አባቴ! ዛሬ አድራሹ አይሱዙ ሆነ፤ ፈረሱ ደግሞ መዋጋት ያዘ። ከፍሬኑ ጋር፣ ከኩርባው ጋር፣ አጠገቡ ከተጠቀጠቀው ወንድሙ ጋር።

«ፍሬኑ እንዴት ነው?» ብዬ ሹፌሩን ጠየቅኩት። «ክላክሱን ቢሰሙት!» አለኝ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች አሉ!

«አንገቱን ወደ ላይ ጥብቅ አድርገህ እሰረው፤ ያኔ አይረብሽም» አለ ደላላው።

ፈረስ ነው ወይስ ባንዲራ፣ የምትሰቅለው? ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፤ ያለችው አፍንጫው ብቻ ናት። ሜዳ ላይ አቀርቅሮ ሲግጥ አቧራውም አክታውም ይወርድለታል። አንገቱ ቀና ተደርጎ ለሰዓታት ከታሰረ ግን የድርቆሹ ብናኝ፣ የሽንቱ ሽታና የጭስ ማውጫው ጥቀርሻ ሳንባው ድረስ ይዘልቃል። ከተራገፈ በኋላ ትኩሳትና ሳል ይጀምረዋል። ገዢው «በሽተኛ ሸጡልኝ» ይላል፤ ሻጩ «ስሸጠው ጤነኛ ነበር» ብሎ ይምላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ያሳመመው ገመዱ ነው። ገመዱ ራሱን ዝቅ ለማድረግ የሚበቃ፣ እግሩን ለመጥለፍ ግን የማይደርስ ይሁን፤ ቋጠሮውም ፈረሱ የወደቀ እንደሆነ በአንድ ስቦ የሚፈታ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለሰው ስድብ ነው፤ ለፈረስ ገመድ ምርቃት ነው።

«ውኃ ካጠጣነው ወለሉን ያረጥብብናል» አለ ረዳቱ።

ካላጠጣኸው ያንተን ዓይን ያረጥበዋል! ፈረስ እንደኛ አስመልሶ የሚገላገልበት ሆድ የለውም፤ የገባው ሁሉ መንገዱን ጨርሶ በወዲያኛው በኩል መውጣት አለበት። ውኃ ያጣ ሆድ ደግሞ ይደርቃል፣ ይቋጠራል፤ ቁርጠቱ ፈረስ ያህል ነገር አንከባሎ ይጥላል። በየሦስት በየአራት ሰዓቱ ቁም፤ ሞተሩን አጥፋ፤ አጠጣ፤ አሳርፍ። የሰፈሩንም ውኃ በጀሪካን ያዝለት፤ ፈረስ የባዕድ ውኃ አሽትቶ ፊቱን ሊያዞር ይችላል። ለወለሉ ከፈራህ አሸዋ ወይም ጭድ አንጥፍበት፤ ሽንቱንም ይመጥልሃል፣ ኮቴውም አያንሸራትተውም። ላሜራው ላይ ከሚንሸራተት ፈረስ ይልቅ የተበላሸ ጭድ ይረክሳል።

«ሰባተኛውን ጨምረው፤ ሲጠጋጉ ይደጋገፋሉ» አለ ደላላው መልሶ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚባለው ታክሲ ውስጥ ነው! የታክሲው ተሳፋሪ ቢያንስ ሲመረው «ወራጅ አለ» ይላል። ፈረስ ሚዛኑን የሚጠብቀው እግሩን ከፍቶ ነው፤ መክፈቻ ቦታ ከከለከልከው ይወድቃል፤ ከወደቀ ደግሞ ሌሎቹ ይረግጡታል እንጂ እጅ ሰጥተው አያነሱትም። በየመሐሉ እንጨት አግባበት፤ የሚራገጠውንም ከሌላው ለየው። በሰባተኛው ያገኘሃትን ትርፍ ስድስቱ በስብራት ይበሏታል።

«ደሴ ብርድ ነው፤ በሸራ ጠቅልለን ብንሄድስ?» አለች ሻይ የምታፈላው እህታችን። ከሁሉም የሷ ይሻላል፤ ቢያንስ ለፈረሱ አዘነች።

እታለም፣ ሸራው ለደሴ ነው እንጂ ለመንገዱ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ሲወርዱ ወደ 1,850 ይሆናል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ 1,300 ገደማ፤ ከዚያ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 በላይ ነው። በአንድ ቀን ደጋ፣ ቆላ፣ መልሶ ውርጭ! በጦሳ ተራራ ብርድ የለበሰውን ሸራ ሸዋ ሮቢት ላይ ካልገለጡለት በላቡ ይጠመቃል፤ በዚያው ላብ ጣርማ በር ሲወጣ ደግሞ ንፋሱ ይቀበለዋል። ጣሪያው ከፀሐይና ከዝናብ ይከልል፤ ጎንና ጎኑ ግን አየር ያግኝ። ቆላ ሲገቡ ግለጡ፣ ደጋ ሲወጡ አልብሱ።

«የወሎ ፈረስ አድዋ ድረስ ዘምቶ የለ? ይህቺን አይችልም?» አለ አንዱ ጎረምሳ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ዘምቷል እንጂ! ራስ ሚካኤል አባ ሻንቆ በ1888 የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ሲዘምቱ አይሱዙ አልነበረም። ግን ዘመቻ የሚሄደው በፈረሱ ሆድ ልክ ነው፤ ሣርና ውኃ ያለበት ይሰፈራል፣ ይጋጣል፣ ይታደራል። የአድዋው ፈረስ መንገዱን በእግሩ መረጠ፤ ያንተው ግን መንገዱን በጎድኑ ነው የሚያውቀው። ጀግንነቱን ለፈረሱ ተውለትና አንተ ውኃውን ያዝ!

«ድሮስ ቢሆን ለከብት ጭነት ማን ተጠንቅቆ ያውቃል?» አለ ሹፌሩ።

ይኸው መቅደላ እዚሁ ደቡብ ወሎ፤ ጠይቃት። በ1860 የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር 44 ዝሆኖች ከህንድ በመርከብ አሻግሮ ዙላ ላይ አወረደ፤ ጠባቂዎቻቸው አብረዋቸው ነበሩና መድፍ ተሸክመው መጡ። በቅሎዎቹ ግን ከየአገሩ ተገዝተው፣ ጠባቂያቸውም ገመዳቸውም በወጉ ሳይሟላ ወደቡ ላይ ተራገፉ። በውኃ ጥምና በበሽታ ረገፉ። ዝሆን ያሻገረ ጦር በቅሎ አቃተው!

በዚያው ዘመን አፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ከጋፋት መቅደላ በሰው ጉልበት አስጎተቱ፤ ወራት ፈጀባቸው፤ ገደሉን እየናዱ መንገድ እያስጠረጉ። እሳቸው ጭነታቸውን አይተው መንገድ ሠሩ፤ እናንተ መንገዱ ተሠርቶላችሁ ጭነታችሁን አታዩም።

«ቀስ ካልን ገበያው ያመልጠናል» አለ ደላላው፣ ሰዓቱን እያየ።

ገበያ በየሳምንቱ አለ፤ የተሰበረ የፈረስ እግር ግን ለሚቀጥለው ሳምንት አይደርስም።

ይሄኔ ሹፌሩ መረረው። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ካወቁ ለምን አብረውን አይሄዱም? ሒሳብ አልቀበልዎትም።»

«ቦታ አለ?»

«ጋቢና ሞልቷል። ከኋላ፣ ከፈረሶቹ ጋር።»

«አዲስ አበባ ድረስ ቆሜ? ወገቤንስ!»

«ፈረሱም ይህንኑ ይል ነበር፤ አፉን ልጓም ባይዘው» አለኝና ወደ ረዳቱ ዞረ፦ «ሰባተኛውን አውርደው! የሱን ሒሳብ ግን ከደላላው ኮሚሽን ላይ ነው የምቆርጠው።»

ደላላው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሰኞ ገበያ መልስ ያጣ ደላላ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።